በትንፋሽ የተባለ አዎ

ዓረብ አገር ያለ የልብስ ፋብሪካ ልብስ ሰፊዎች ይፈልጋል ተብሎ ቆቦ ከተማ፣ ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ቢሮ ተጠራሁ። አክስቴም አብራኝ መጣች። ካላለፍኩ የቀረኝ የሰው ቤት ሥራ ነው። እዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከማዳም ጋር ማውራት አለ። ማሽን ግን አያናግርም፤ ለእኔ ዓይነቷ ዓይናፋር ጀነት ነው።

የፋብሪካው አለቃ በስልክ ቪዲዮ ያየኛል፣ የቢሮው ሰውዬ ያስተረጉማል።

«መስፋት ትችያለሽ ወይ ይልሻል።»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ። የእኔ «አዎ» እንዲህ ነው፤ አፍ አያስከፍትም።

«ጤነኛ ነሽ?»

ደግሜ ሳብኩ። አለቃው ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«አስም አለባት እንዴ እያለ ነው። የጨርቅ ብናኝ ስላለ አስም ያለበትን አንወስድም ይላል።»

«አስም?» አክስቴ ተነሳች። «ወላሂ ዘራችን ውስጥ አስም የለም! በል ንገረው!»

ነገረው። አለቃው «እርግጠኛ ነህ?» ቢለው ሰውዬው ረስቶ እሱም ትንፋሹን ሳብ አደረገ።

«ምን አለ?» አለች አክስቴ።

«አገሩ በሙሉ ታሟል ወይ አለ።»

«አንቺ፣ በአፍሽ አዎ በይ!» ብላ ቆነጠጠችኝ። አፌ እምቢ አለ።

በመጨረሻ አለቃው «ትሩጥና አተነፋፈሷን ልይ» አለ። ሰላምታ ፈርቼ መንገድ የምቀይር ሰው፣ በገበያ ቀን ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ሰውዬው ስልኩን ወደ እኔ ዘርግቶ ከኋላዬ፣ አክስቴ ደግሞ «ፍጠኚ! ፍጠኚ!» እያለች ከኋላው።

«ኧረ ሰው! ልጅቷን ሊጠልፋት ነው!» አለ አንዱ።

አንድ ባጃጅ ተጠምዝዞ ፊቴ ቆመ። «እህቴ ግቢ፣ ላስመልጥሽ!»

«አልገባም!» ስል ጮህኩ። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። «ልቀጠር ነው የምሮጠው! ተወኝ!»

ስልኩ ውስጥ አለቃው ሲስቅ ሰማሁት። የሆነ ነገር ተናገረ፤ ግን የሚያስተረጉምልኝ ጠፋ። ባለባጃጁ ወርዶ የሰውዬውን ኮሌታ ጨምድዶ ይዞታል።

«ምን አለ?» አልኩ፣ በአፌ።

«አል… አልፈሻል» አለ ሰውዬው እየታነቀ። «ይልቀቀኝ በይው!»