ዊልፍሬድ ያደሳት መኪና

ዊልፍሬድ ታከር በእንግሊዟ ከተማ በኮቨንትሪ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በብየዳ ሥራ የኖረ ሰው ነው። እሱና ሚስቱ ቤሪል በእጮኝነት ዘመናቸው ይንሸራሸሩባት የነበረችው፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ ቀይ ትራያምፍ መኪና ግን በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ስትዝግ ኖረች። ቤሪል «ዛሬም አትነካትም?» ባለችው ቁጥር መልሱ «ጡረታ ስወጣ» ነበር።

ጡረታ በወጣ ዓመት ቤሪልን የመርሳት በሽታ ያዛት። ይኼኔ ተጣደፈ። ዝገት የበላውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ፤ ሞተሩን ፈታትቶ ገጠመ፤ ቀለሙንም በእጁ ቀባ። ሦስት ዓመት ፈጀበት።

በግንቦት ወር፣ በአንድ እሑድ ቀን ሞተሩ ተነሣ። ቤሪልን ደግፎ አስገባትና ነፋስ እንዳይመታት ፀጉሯን በሻሽ አሰረላት። ጥቂት እንደሄዱ ወንበሩን እየዳበሰች ፈገግ አለች።

«መኪናዎ ታምራለች፣ ጌታዬ» አለችው። «ባሌም እንዲህ ያለች አለችው። እሱ ግን ወሬ ብቻ ነው፤ መቼም አይጨርሳት!»

«ሰነፍ ነው እንዴ?» አላት።

«ኧረ ምን በወጣው! ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ። አሁን ቤቴ ያድርሱኝ፤ ሲያጣኝ ይጨነቃል።»

ዊልፍሬድ «እሺ፣ እመቤቴ» አለና መኪናዋን ወደ ቤት መለሳት።