በማሽላው መሃል በብስክሌት

ከጅጅጋ ወጣ ብሎ አዲሱ አስፋልት ከተሠራ ወዲህ መኪና የማይረግጠው አሮጌ የጠጠር መንገድ አለ። በአንድ የእረፍት ቀን ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋር በየብስክሌታችን ሄድንበት። በዕድሜ እናቴ ስለሚሆኑ በሶማሊኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ነው የምላቸው። ብስክሌት የለመዱት ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ ነው። ይደክማቸዋል ብዬ ቀስ ስል ጥለውኝ ሄዱ። ማሽላው ከግራም ከቀኝም ከራሳችን በላይ ቆሟል፤ ከነፋሱና ከጎማችን ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ስንመለስ የግመል ወተት ይዛ ወደ ከተማ የምትሄድ አንዲት ሴት ጥላ ሥር አርፋ አገኘን። ኤዶን አይታ ሳቀች።

«በዚህ ዕድሜሽ ማን አሳደደሽ?»

«ማሽላውን ለማየት ነው የወጣሁት። ነይ፣ ላድርስሽ» አሏት።

ሴትዮዋ ጄሪካኗን ለእኔ ሰጥታ ከኋላቸው ተፈናጠጠች። ብስክሌቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ጮኸች። ኤዶ ግን ረጅም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ፔዳሉን አጥብቀው ረገጡ፤ ጩኸቷም ወደ ሳቅ ተለወጠ። በእሳቸው ዕድሜ እኔ ሳልወድቅ ብነዳ ተመስገን ነው የምለው፤ እሳቸው ሰው ጭነው ይጫወታሉ። ጄሪካኑን መሪው ላይ አንጠልጥዬ ተከተልኳቸው። ሴትዮዋ እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ አልወረደችም።