ክኒኑና የግመል ወተቱ

ደምመላሽ የማይጸየፈው ነገር አልነበረም። ሐርጌሳ ከፍርስራሿ እየተነሳች፣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈሯ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ በሚውልበት በዚያ ዘመን፣ እሱ በአንዲት ክሊኒክ ላቦራቶሪ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ይውላል። ሰገራውንስ ለምዶታል፤ ያልለመደው ሰውን ነው። ሳይታጠብ የሚጨብጠው ያስጠላዋል፣ ሽንቱን በለስላሳ ጠርሙስ የሚያመጣው ያስጠላዋል። ከሁሉ የባሰበት ግን ዋሄን ገበያ መድኃኒት የሚሸጠው ቡራሌ ነው።

ሚስቱ ሸዋርካብሽ በታይፎይድ ከተኛች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ከቡራሌ የተገዛውን ሲፕሮ የሚባል ክኒን ከጀመረች ስምንት ቀን ሞላት፤ ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች! ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ሆዷ ተነፍቷል። ቀጥሎ አንጀት እንደሚበሳ ደምመላሽ ያውቃል።

«ጠመኔ ነው የሸጠልኝ!» አለና ባዶ ማሸጊያውን ጨብጦ ወደ ዋሄን ወረደ።

ቡራሌ በስደት ዘመኑ ጅግጅጋ ኖሮ አማርኛ የለመደ ሰው ነው። ክኒኑን ፀሐይ ላይ ደርድሮ ዝንብ ያባርራል። ደምመላሽ ባዶ ማሸጊያውን ፊቱ ወረወረበት።

«ስማ አንተ! ባክቴሪያ የሚራባው ዲኤንኤውን እየገለበጠ ነው። ዲኤንኤው እንደ ክር የተገመደ ነው፤ ለመገልበጥ ሲፈታ ከፊት ያለው እየከረረ ይተበተባል። ያንን የሚያላላለት ጋይሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ሲፕሮ ኢንዛይሙን ቀፍድዶ ሲይዝበት መራባቱ ይቀርና ይሞታል። ያንተ ጠመኔ ማንን ያዘ?»

ቡራሌ አልተቆጣም። «ወላሂ፣ ልጄም በዚሁ ክኒን ነው የዳነችው። ሚስትህ በምንድን ነው የምትውጠው?»

«በግመል ወተት። አቅም እንዲሆናት።»

«አስተግፊሩላህ! ወተት እኮ ክኒኑን ሆዷ ውስጥ ያስረዋል። ደሟ ካልገባ፣ ያልከው ኢንዛይም ዘንድ ማን ይደርሳል?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ደምመላሽ ኢንዛይሙን እስከ ስሙ ያውቃል፤ ይህን ግን አላወቀም። ሸዋርካብሽ ክርስቲያን ናት፤ የግመል ነገር ለእሷ እርም ነው። «ባክህ አታርክሰኝ» እያለች ስታለቅስ፣ አፍንጫዋን ይዞ ጠዋት ማታ ያጋታት ማን ሆነና? ስታስመልስ ሰድቧታል፤ እንደገና ቀድቶ ሰጥቷታል። እጁን አየና ከሰገራው ሁሉ የከፋ ሆነበት።

እየሮጠ ቤት ገባ። ሸዋርካብሽ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ላቧ ይንጠባጠባል፣ ከንፈሯ ዳር ወተት ደርቋል። ፈገግ ለማለት እየሞከረች ኩባያውን ዘቅዝቃ አሳየችው።

«ዛሬ አላስቸገርኩህም» አለችው። «አንተ ሳትመጣ ክኒኑን በወተቱ ዋጥኩት። እንዳትቆጣኝ ብዬ አንድም ጠብታ አላስተረፍኩ።»