አባዬ አየር ሊለውጥ የሄደ ጊዜ

ዛሬ ጠዋት ከፒያሳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ መስኮቷን ዝጊያት እስቲ፣ ብርዱ ገደለን» አሉኝ። ክፍተቷ ከሁለት ጣት አትበልጥም ነበር። ውጭ የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚሸተው የአቧራ ሽታ በዚያች ክፍተት ይገባል፤ ደስ ብሎኝ ወደ ውስጥ እየሳብኩት ነበር። ዘጋሁላቸው። ታክሲው በሙሉ እፎይ ሲል ተሰማኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

እህቴ፣ ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነው ትዝ ያለኝ። «እማዬ እያረጀች ነው መሰለኝ፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያንን ሁሉ ንፋስ እያስገባች ትቀመጣለች፤ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼላት መጣሁ» አልሽኝ። ለእሷ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደረቷን እንዳይመታት ነው። ግን አንድ የማታውቂው ነገር አለ። እሷ ደግሞ አፍ አውጥታ አትነግርሽም። እኔ ልንገርሽ።

አባዬን አታስታውሽውም። ወርቅ ሠሪ እንደነበር ሰምተሻል፤ እንዴት ይሠራ እንደነበር ግን የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ባለወርቅ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መስታወት ውስጥ ሐብልና ቀለበቱን ደርድሮ ሲያብረቀርቅ፣ አባዬ ከጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰልና አሲድ እየሸተተው ይውል ነበር። ክፍሏ መስኮት ነበራት፤ ተከፍታ ግን አታውቅም። ንፋስ ከገባ እሳቱ ይወላገዳል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የወርቅ ብናኝም ይበተናል። ስለዚህ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አየር በማይገባባት ክፍል ውስጥ አጎንብሶ በቱቦ እሳት ሲነፋ ኖረ። ማታ ወደ ቤት ሲመጣ እጁ አሲድ አሲድ ይሸት ነበር። ዛሬም የሆነ ቦታ ያ ሽታ ካጋጠመኝ ዞር ብዬ እፈልገዋለሁ።

ከዚያ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ በኋላ ማታም፣ ከዚያ ደረጃ ሲወጣ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎም። ደረቱ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ነበር፤ አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ እሱን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሐኪሙ አዳምጦት ሲያበቃ እማዬን «ሳንባቸው ተጎድቷል፤ ክረምቱ ሳይገባ አየር ይለውጡ» አላት።

እማዬ ግን የአባዬን በሽታ ያለ ሐኪም ታውቀው ነበር፤ ብርድ ነው። እማዬ ዘንድ ብርድ ማለት በር ላይ ቆሞ ሰው እስኪዘናጋ የሚጠብቅ ጠላት ነው። በጀርባ ይገባል፣ በእግር ይገባል፣ ላብ ሳይደርቅ ከወጡ ይገባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመስኮት ይገባል። አንቺን አርግዛ ስለነበር ፍርሃቷ እጥፍ ሆኖ ነበር። አየር ለውጥ ሲባል የገባት ሌላ አገር ሄዶ ሰንብቶ መመለስ ነው። አየሩ ወደ አባዬ ደረት መግባት እንዳለበት ማንም አልነገራትም።

የምንሄድበትን ያገኘችልን ባለሱቋ ጎረቤታችን ናት። ያቺ ስልጤዋ፣ እያሳሳቀች ከረሜላ ታጎርስሽ የነበረችው። «ወንድሜ ወንዶ ገነት ሱቅ አለው፤ ተራራው ሥር፣ ፍል ውሃው አጠገብ። አንድ ክፍል ያዘጋጅላችኋል፤ አላህ ያሽረው እንጂ ሌላውን አታስቡ» አለች። ይህ እንደተሰማ ግቢው ሁሉ ተነቃነቀ። አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ አንዷ በሶ፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ፣ ከዚያም ለምች የሚሆን ዳማከሴ በእቅፍ። ሁሉም ስንቁን ሲያቀብል ስለ ብርድ አንድ ምክር ይጨምርበታል። ከታች ያሉት ጡረተኛ ወታደር ካፖርታቸውን አዋሱን፤ አባዬ ሲለብሰው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወረደ።

«ወንዶ ገነት ነው የምንሄደው ወይስ በረዶ አገር?» አላት እማዬን።

«አንተ ዝም ብለህ ልበስ!»

ግንቦት ሊያልቅ አካባቢ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስን። እስከ ሞጆ ደህና ነበር። ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆላው ሲጀምር ሙቀቱ አናት በሳ። መስኮቶቹ አንድም ሳይቀር ተዘግተዋል፤ የሙዝ ልጣጭ፣ የናፍጣና የሰው ላብ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ያፍናል። አባዬ በካፖርቱ ውስጥ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠብ ነበር። መቂን እንዳለፍን እማዬ ስታንጎላጅ አይቶ ጠቀሰኝና መስኮቱን ቀስ አድርጎ ገፋ አደረገው። ንፋሱ ፊቴን ነካኝ። ያቺን ታህል ብቻ ነበር የቆየው።

«ኧረ መስኮት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሕፃን ይዣለሁ እኮ፣ ምነው!» አለች ሌላዋ።

ረዳቱ ከበሩ ድረስ መጥቶ «ፋዘር፣ ሕዝብ ሊፈጁ ነው እንዴ?» ብሎ ጠረቀመው። አባዬ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «ተማርኬያለሁ» አለ፤ አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። እማዬም ነቅታ ሳቀች፤ እየሳቀች ሻርፗን ፈትታ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ የሚጮህ ሰው ሲወርድ አባዬን ምሕረቱን ይላክልዎ እያለ መርቆት ነው የሄደው።

ወንዶ ገነት ስንወርድ መጀመሪያ የገረመኝ ሽታው ነው። እርጥብ ቅጠል፣ ሸንኮራ አገዳ፣ በፍል ውሃው በኩል ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል የሚመስል ነገር። ለእኔ ለፒያሳ ልጅ ዛፍ ማለት ሥላሴ ቅጥር ውስጥ የማየው ጽድ ነበር። እዚያ ተራራው ከእግሩ እስከ አናቱ ጫካ ለብሶ ከቤቱ ጀርባ ቆሟል፤ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። የባለሱቋ ወንድም የሰጠን ክፍል ሰፊ የእንጨት መስኮት ነበረው፤ በርግዶ ሲከፍተው ተራራው ቤት ውስጥ የገባ መሰለኝ። አባዬ ገና ከበሩ ሳያልፍ ቆመና አየው።

እማዬ ሻንጣዋን ሳትፈታ መስኮቱን ዘጋችው። ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈች፣ ከላዩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለችበት። ክፍሉ ጨለመ።

«እትዬ፣ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣው እኮ ይህን ተራራ ለማየት ነው» አላት ሰውዬው ግራ ገብቶት።

«እኛ ለጤና ነው የመጣን» አለችው።

ጠዋት ጠዋት ፍል ውሃ እንወርዳለን። እዚያ የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ፤ መነጽር ያደረጉ፣ በካናቴራ የሚንሸራሸሩ፣ ገንዳው ዳር ፎቶ የሚነሱ። በመካከላቸው አባዬ ካፖርቱን ለብሶ ያልፋል። ከውሃው ሲወጣ እማዬ ጋቢ ዘርግታ ትጠብቀዋለች፤ ከአናቱ እስከ አፍንጫው ጠቅልላ፣ በእጇ ይዛ፣ ወደዚያች ጨለማ ክፍል ታስገባዋለች። ላብ እንዲያወጣው ነው። ከሰዓቱን እዚያ ተኝቶ ያሳልፋል። እኔ ውጭ ጉሬዛ ስቆጥር ሳሉን እሰማለሁ።

ሳሉ ባሰበት። እማዬ ይህን ስታይ የበሩን ሥር በጆንያ ደፈነችው፤ ፌጦውን ጨመረች፤ ነጭ ሽንኩርቱን ጨመረች። አንድ ቀን ከቤቱ ጀርባ ልብስ ስታጥብ ደረስኩባት። ሸሚዙን ይዛ ቁጭ ብላለች እንጂ አታጥብም። ሆዷን እያሻሸች፣ ለአንቺ ይሁን ለራሷ፣ «ልጁን ሳያይማ አይሆንም፤ ሳያይማ» ትላለች። ያን ቀን ነው አባዬ ሊሞት እንደሚችል የገባኝ። ሮጬ ሄድኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በነጋታው ከምሳ በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። እማዬና እኔ ሙዝ ልንገዛ ወጥተን ሱቁ በረንዳ ላይ ተጠልለን ቆየን። ሲያባራ ፀሐይ ወጣች፤ ጫካው ጭስ ጭስ ይላል፣ ከየቅጠሉ ውሃ ይንጠባጠባል። ተመልሰን በሩን ስንከፍት ክፍሉ በብርሃን ተሞልቷል። አልጋው ባዶ ነው። ካፖርቱ መሬት ላይ ወድቋል፣ የተሰቀለው ብርድ ልብስ ወርዷል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባዬ በስስ ካናቴራው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ግንባሩን መስኮቱ ደፍ ላይ ደፍቶ ዝም ብሏል።

ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የለም።

እማዬ ሙዙን ለቀቀችው። ሄዳ የእጇን ጀርባ አፍንጫው ሥር ያዘች። ያን ጊዜ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በዚያ በሚያሾፍባት ድምፁ «አለሁ። እንዳውም ዛሬ ነው ያለሁት» አላት።

ተቆጥታ ትጮህበታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን ከአፍንጫው ሥር አላነሳችም። አባዬ ቀና ብሎ ተራራውን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እዚያች ክፍል ውስጥ ስሠራ ምን እንደምመኝ ታውቂያለሽ? መስኮት ከፍቼ መቀመጥ። ሌላ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ አልሆነልኝም።»

እማዬ ብርድ ልብሱን ከመሬት አነሳች። መልሳ ልትሰቅለው መሰለኝ። እሷ ግን በራሷ ላይ አደረገችው፤ ጆሮዋን ሸፈነች፣ ሆዷን ሸፈነች፣ ሌላውን በርጩማ ሳብ አድርጋ መስኮቱ ፊት፣ በአባዬና በንፋሱ መካከል ተቀመጠች።

«እንግዲህ ይምታኝ» አለች። «መጀመሪያ እኔን ይምታኝ።»

አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ ከጋረድሽውማ ምኑ ተከፈተ?»

ትንሽ ወደ ጎን ሳብ አለች። «ይበቃል?»

«ትንሽ።»

እንደገና ሳብ አለች። «ይበቃል?»

እንዲህ እያለች ከመስኮቱ ፊት ለቅቃ አጠገቡ ደረሰች። እዚያው ቀረች። አባዬ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ደረቱ ከፍ ሲል አየሁት። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ብርዱ እስኪመታት ትጠብቃለች፤ ትከሻዋ ትከሻው ላይ ነው። እኔ የወደቀውን ሙዝ ሰብስቤ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ በላሁ። አንቺም እዚያ ነበርሽ፤ ከሦስታችን ሁሉ የሞቀሽ አንቺ ነበርሽ።

እስክንመለስ ድረስ ያ መስኮት አልተዘጋም። አባዬ ዳነ አልልሽም፤ የተጎዳ ሳንባ በመስኮት አይድንም። ግን ፊቱ ተመለሰ፣ መብላት ጀመረ፣ ጥቅምት ላይ አንቺ ስትወለጂ እጁን ታጥቦ ታጥቦ፣ አሲዱ እንዳይሸትሽ ብሎ፣ ከዚያ ነው ያቀፈሽ። ፒያሳ ቤታችን ያቺ ቅያሷን የምታየው ትንሽ መስኮት ነበረች አይደል? አንቺን ታቅፎ እዚያ ይቀመጥ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥረው እማዬ ትነሳና ትከፍትለታለች፤ ከዚያ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ስባ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። በሚቀጥለው ክረምት፣ አንቺ ስትድሂ፣ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ «ሕፃኗን ብርድ ይመታታል» ብለው መስኮቷን ዘጉ። እማዬ ከፍራሹ ተነስታ፣ በሰው መካከል አልፋ፣ ከፈተቻት። ማንም መልሶ አልዘጋትም።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ያቺ መስኮት ክፍት የምትውለው ለጭስ ማስወጫ መስሎሽ ነበር አይደል? አሁን ያ ቤት መንገድ ሆኗል። ባለፈው ሳልፍ መስኮታችን የቱ ጋ እንደነበረች ልገምት ሞክሬ አቃተኝ፤ ሁሉም ቦታ ሰማይ ነው።

ከታክሲው ወርጄ እማዬ ቤት ገባሁ። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንቺ የዘጋሽው መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

«እህትሽ ናት የዘጋችው» አለችኝ። «ለኔ አስባ ነው፤ አትቆጫት። እኔማ ሞቆኛል፣ ተመችቶኛል። አባትሽ ነው እንጂ እንዲህ ሲዘጋ የማይወደው።»

ሄጄ ከፈትኩት። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ንፋሱ መጋረጃውን አንስቶ እርጥብ አፈር እየሸተተ ገባ። እማዬ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ሳበች። ከዚያ ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

«ይበቃል?» አለች።

እኔን አልነበረም የጠየቀችው።