ከዓምዱ ሥር የቆመው ወጣት

ይህን ለሰው ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ዓመት ጣሊያን ውስጥ ጥንታዊ ሥነ ጥበብና የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ አጠና ነበር። አንድ ቀን የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ እየሣልኩ ሳለ፣ ሐበሻ የሚመስል ወጣት መጥቶ ከዓምዱ ሥር ቆመ። የዓምዱን ቁመት ለማሳየት ስለሚረዳኝ እሱንም ሣልኩት። ሰላም ልለው ቀና ስል ግን የለም። በር ላይ የተቀመጡትን ዘበኛ ብጠይቃቸው፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳልገባ ነገሩኝ።

ወደምኖርበት ጆሃንስበርግ እንደተመለስኩ፣ ሐበሾች በሚነግዱበት በጀፕ ሰፈር ብርድ ልብስ የሚያከፋፍሉት እትዬ አልማዝ ሱቅ ጎራ አልኩ። ስለ ትምህርቴ ሲጠይቁኝ የሥዕል ደብተሬን ሰጠኋቸው። እየገለጡ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በወጣቱ ቅንድብ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣታቸው ነኩ።

«ያውቁታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ወንድሜ ነው። መቼ ሣልከው?»

«አምና፣ ጣሊያን። አያስቡ፣ ደህና ነበር።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ እዚሁ ሶዌቶ፣ ሱቁ ውስጥ በጥይት ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ያስቀበርኩት እኔ ነኝ።»