የዛፍ ሐኪሟና የቀጨኔው ኮሶ

የዓለምወርቅ የምትሠራው ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ በሁለት መድኃኒት ቤቶች መካከል በተጣበቀች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ «የዛፍ ምርመራና ሪፖርት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የታመመ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው «ምርመራ» የምትለዋ ቃል ላይ ብቻ ነው። እናም በየጊዜው አንድ ሰው የራጅ ፊልሙን ታቅፎ ይገባና ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

«ዶክተር፣ ጉልበቴን ነው።»

«አባቴ፣ እኔ የምመረምረው ዛፍ ነው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው? እኔም እንጨት ከሆንኩ ቆየሁ።»

እሷም ክንዳቸውን ይዛ እስከ ትክክለኛው በር ታደርሳቸውና መንገዱን ሙሉ ብቻዋን እየሳቀች ትመለሳለች። እናቷም ቢሆኑ ነገሩን ለማጥራት አይደክሙም። የዕድር ሴቶች ፊት «ልጄ ዶክተር ናት» ብለው ዝም ይላሉ። የምን ዶክተር እንደሆነች ሲጠየቁ «የረጃጅሞቹ» ይላሉ።

ተወልዳ ያደገችው እዚያው ጉለሌ ነው። ወንዶ ገነት ሄዳ የደን ትምህርት ተማረች፤ ተመልሳም ረጅም ጊዜ ችግኝ ጣቢያ ሠራች። አሁን የምትጽፈው ሪፖርት ነው። ቤት ሊሠራ የተነሳ ሰው ግቢው ውስጥ አገር በቀል ዛፍ ካለው፣ ፈቃድ ሲጠይቅ ዛፉ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ የሚል የባለሙያ ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት። ምርመራዋን ሳትጨርስ ከማንም ቤት ውኃ እንኳን አትጠጣም። «ሻይህን ከጠጣሁማ፣ ዛፉ አንተ በፈለግኸው ቀን ይታመምልሃል» ትላለች።

በጥር ወር አንድ ጠዋት አብራር የሚባል ባለሱቅ ከቀጨኔ መጣ። ሱቁ ወደ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በሚወጣው አቀበት ላይ ነው።

«ዶክተር፣ ግቢዬ ውስጥ አንድ ኮሶ አለ። በጣም ታሟል።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም... ማለቴ፣ ፊቱ ያስታውቃል።»

የዓለምወርቅ ሳቋ አመለጣት። አብራርም ሳቀና እውነቱን ተናገረ። ከሚስቱ ከሀያምና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ልጆቹ ሲተኙ እግራቸው የሚደርሰው የሱቁ ዕቃ ውስጥ ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊሠራ አስቧል፤ ኮሶው ደግሞ የቆመው ልክ ቤቱ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ጎረቤቱ እማማ ጌጤ «የጎረቤት ስምምነት» የሚለውን ወረቀት አልፈርምም ብለዋል።

«ለምን?»

«ዛፉ የእኔ ነው፤ ጥላው ግን የእሳቸው ነው።»

በማግስቱ ሄዳ ስታይ፣ ነገሩ እንዳለው ሆኖ አገኘችው። ግንዱ በአብራር በኩል፣ አጥሩ ሥር ቆሟል። ሰፊው ቅርንጫፉ ግን ከአጥሩ አልፎ፣ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ብሎ ያለውን የእማማ ጌጤን ግቢ ሸፍኖታል። ከሥሩ ጆንያ ተነጥፎ ገና ያልደረቁ ድስቶችና ጋኖች ተደርድረዋል። እማማ ጌጤ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የአንዱን ድስት ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ያለሰልሳሉ።

«መጣሽ? ይሄ ባለሱቅ ስንት ኪሎ ስኳር ሰጠሽ?» አሏት ቀና ሳይሉ።

«ገና ውኃም አልቀመስኩ፣ እማማ።»

«ኧረ እማማ! ስኳሩስ የት ይገኛል?» አለ አብራር ከአጥሩ ማዶ።

እማማ ጌጤ ጨርቁን አስቀመጡ። «ስሚኝ ልጄ። ሸክላ ከጭቃ ሲወጣ እንደ አራስ ልጅ ነው። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ቀስ ብሎ በጥላ መድረቅ አለበት። እኔ በዚህ ዛፍ ሥር ነው የኖርኩት። ዛፉ ሲሄድ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ይህንንም ወረቀትሽ ላይ ጻፊው።»

የዓለምወርቅ የመሣሪያ ቦርሳዋን አነሳች። አጥሩን ተሻግራ፣ በእንጨት መዶሻዋ ግንዱን ከላይ ወደ ታች እየመታች ዞረችው። ከዚያ ቀጭኑን መሰርሰሪያ ከሥሩ አስገባች። ጥቂት እንጨት ከበላ በኋላ፣ ያለ አንዳች ትግል ሰመጠ። ከቅርንጫፎቹ ሁሉ የከበደው ወዴት እንደተዘረጋ ለማየት ቀና አለች። ከእማማ ጌጤ ዱካ በላይ ነበር።

ልትናገር ፈለገች፤ አሮጊቷ ግን እንደማያምኗት ገባት። ዓይኖቿ ሸክላዎቹ ላይ ቆዩ።

«እማማ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ በምን ያውቃሉ?»

«በድምፁ ነዋ! በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ። ደኅናው ይዘምራል፤ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል።»

«እንግዲያው ይምጡ፣ ይምቱልኝ።» መዶሻውን ዘረጋችላቸው።

እማማ ጌጤ አጉረመረሙ፤ ሆኖም ተነስተው ወደ አብራር ግቢ ተሻገሩ። ግንዱን በደረታቸው ከፍታ መቱት። ድምፁ ጠጣር ነበር፤ አብራርን ገላመጡት። ወደ ወገብ ወረዱ። ከዚያ ወደ ጉልበት። እዚያ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ደግመው መቱ። በሌላው ጎን ዞረው መቱ። ጆሯቸውን አስጠግተው እንደገና መቱ፤ ይሄኛው በጣም ቀስ ያለ ነበር።

«ገል ሆኗል፤ ሥሩ ባዶ ነው» አሉ በመጨረሻ።

አብራር አልተደሰተም። ልጆቹ በየቀኑ የሚጫወቱት እዚያ ነበርና «አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

«እሺ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ እማማ ጌጤ መዶሻውን እየመለሱ። «ዛፍሽ ይቆረጥ። እኔስ የት ላድርቅ?»

የዓለምወርቅ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሪፖርቷን ያለ አንዳች ማድበስበስ ጻፈች፤ የግንዱ ሥር ባዶ መሆኑን፣ ቅርንጫፉ ሰው ላይ ማንዣበቡን፣ ዛፉ መነሳት እንዳለበት። የሸክላው ጉዳይ ግን ማታም ጠዋትም አልተዋትም።

ዘዴው የታያት ጳውሎስ ታክሲ መያዣው ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ አስፋልቱን ያነድደዋል። ሰልፉ ግን እንደ ወትሮው ቀጥ አላለም። ከታክሲዎቹ ርቆ፣ የሕንፃውን ጥላ ተከትሎ፣ ተጣምሞ ጥግ ላይ ተደርድሯል። ጥላው ትንሽ ሲሸሽ ሰልፉም አብሮ ይሸሻል። አንዲት ሴትዮ «ከጥላው አታስወጡኝ፣ ተራዬን ባጣ ይሻለኛል!» ብላ ትጮሃለች። የዓለምወርቅ ሕንፃውን ወደ ላይ አየችው። ከዚያ የራሷን ተራ ትታ ወደ ቀጨኔ በእግሯ ወጣች።

«አብራር፣ ቤትህ ሲያልቅ ቁመቱ ስንት ነው? ያን ያህል አጣና አምጣልኝ።»

አብራር ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣናዎችን አጋጥሞ አሰረ። ዛፍ በሌለበት፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ሽቅብ አቆሙት። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ «ዲሽ ነው?» ይላል፣ ሌላው «ድንኳን ነው፣ ሠርግ አለ» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የዓለምወርቅ የአጣናውን ጥላ በገመድ ለካች። ያንኑ ገመድ ይዛ ወደ እማማ ጌጤ ግቢ ወረደችና የአብራር ግድግዳ ከሚያርፍበት ጀምራ ዘረጋችው። ገመዱ ድስቶቹን አለፈ፤ ጋኖቹን አለፈ፤ ጫፉ እማማ ጌጤ እግር ሥር ደረሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአብራር ቤት ጥላ ነው፣ እማማ። ግቢዎ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንዲያውም ከዚህ ይረዝማል።»

እማማ ጌጤ ገመዱን ረገጥ አድርገው ቆሙ። ገመዱን አዩ፣ ሸክላቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ስምንት ሰዓት ላይስ?»

«ያኔ ያጥራል። የሚደርሰው እስከ መጀመሪያው ረድፍ ነው።»

«እስኪረዝም ድረስ እኔ ሸራ እዘረጋልዎታለሁ» አለ አብራር ፈጠን ብሎ። «ወላሂ፣ በራሴ እጅ።»

«ሸራህን ተወው። ስንት ፎቅ ነው ያልከው?»

«አንድ።»

«አንድ! ሰው ቤት ሲሠራ አንድ ይሠራል? ሁለት አድርገው።»

«እማማ፣ ትናንት እኮ አንዱንም አይሆንም ብለውኝ ነበር!»

«ትናንት ጥላህን አላየሁትማ!»

መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሀያም ከሱቁ መስኮት ሆና እስከ እንባዋ ሳቀች። እማማ ጌጤ ወረቀቱን ተቀብለው፣ የጭቃ አሻራቸው ያለበትን ፊርማ በትልቁ አሰፈሩበት።

ኮሶው ከላይ ወደ ታች በየቁራጩ፣ አንድም ድስት ሳይነካ ወረደ። ግንዱ ሲቆረጥ አብራር ባዶው ውስጥ አንገቱን አስገብቶ አየና «ቢስሚላህ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ለሸክላ መተኮሻ የሚሆነው ጭራሮ ሁሉ ለእማማ ጌጤ ተሰጠ። የዓለምወርቅ ሪፖርቷ ላይ ባዘዘችው መሠረት አብራር ከነልጆቹ ወጥቶ እንጦጦ ግርጌ የኮሶ ችግኞችን ተከለ።

ሚያዝያ ላይ የችግኞቹን ነገር ልትጠይቅ ብቅ ስትል፣ ጩኸቱን የሰማችው ከአቀበቱ ሥር ጀምራ ነው። የፎቁ ግድግዳ ከግማሽ በላይ ቆሟል። እማማ ጌጤ ወገባቸውን ይዘው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

«አንተ! ከምሳ በኋላ ስንት ብሎኬት ደረደርክ?»

«እማማ፣ ባለቤቱ እንኳን እንዲህ አልተቆጣም!» አለ ግንበኛው።

«ባለቤቱማ ሊተኛበት ነው። እኔ ልሠራበት ነው!»

ወዲያው የግድግዳው ጥላ ከአጥሩ ወርዶ የመጀመሪያዎቹን ድስቶች ሸፈነ፤ ቀጥሎ ወደ ጋኖቹ አለፈ። እማማ ጌጤ ወሬያቸውን አቋርጠው፣ ፀሐይ ላይ የቀረውን የመጨረሻውን ረድፍ በፍቅር ወደ ጥላው ሳብ ሳብ አደረጉት።

«ሁለተኛውን ፎቅ አላህ ሲፈቅድ ልጆቼ ይሠሩታል፣ እማማ!» አለ አብራር ከሱቁ በር።

«ወረቀቱን አሁኑኑ አምጣው» አሉ እማማ ጌጤ። «ልፈርምልህ።»