ጋዲሴ ያየችው ኮከብ

ጋዲሴ አዳማ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በር ላይ ቆማ እንግዳ ስትፈትሽ ዓመታት አልፈዋል። በእጅ መፈተሻዋ ያላለፈ ተሰብሳቢ፣ ሚዜና ባለሥልጣን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰው ከሚናገረው ይልቅ መፈተሻው የሚጮኸውን ታምናለች። የሚያሳዝነው እሷን የሚያምን መጥፋቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ ሊነጋጋ ሲል በወንጂ በኩል እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ ሲወርድ አየች። ለባልደረቦቿ ብትነግራቸው ሳቁባት። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂው አስፋው፣ እንቅልፍ ነው ያሳየሽ አለና ከዚያን ቀን ጀምሮ "ኮከቤ" ይላት ጀመር። የቆረቆራት ሳቁ አይደለም፤ በተራዋ ተኝታለች መባሉ ነው። ለጥበቃ ሠራተኛ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ጋዲሴ ደግሞ እልኸኛ ናት። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ብረት እንዳለበት ስልኳ ላይ አነበበች፤ ብረት ፍለጋ እንደሆነ እንጀራዋ ነው። አለቃዋን አስፈቅዳ መጋዘን የከረሙትን መፈተሻዎች ባትሪ ቀየረችላቸው። ከጎረቤት ባንክ ፈታሿን ሱሃይላን ለመነች፤ አስፋውንም ውሸቴን መጥተህ አረጋግጥ ብላ ጎተተችው። እሳቱ በወረደበት በወንጂ በኩል ያለ ማሳ ባለቤት ልጅ ፈቀደላቸውና እሑድ ጠዋት ጤፍ የታጨደበት መሬት ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አጎንብሰው፣ ምድሩን እንደ እንግዳ ኪስ ይፈትሹት ገቡ።

ለካ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ራሱ መፈተሻ ያስጮኻል። ሌላው ያገኙት ቆርኪ፣ የጋሪ ፈረስ ጫማ ሚስማርና የተሰበረ ማረሻ ነው። ፀሐዩ ሲከር አስፋው መፈተሻውን አጥፍቶ ቁጭ አለ። ጋዲሴ ቅስሟ ተሰበረ።

ይሄኔ የማሳው ባለቤት ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። "አካም ኦልተን" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏቸውና ምን እንደጠፋቸው ጠየቁ። ጋዲሴ እሳቸውም እንዳይስቁባት ፈርታ፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው ብቻ አለች።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

"ያ ሊነጋ ሲል የወረደው? ጭራው አረንጓዴ የነበረው?"

የጋዲሴ ዓይን እንባ አቀረረ። አረንጓዴነቱን ለማንም አልተናገረችም፤ የተሳቀባት በቅቷት ውጣው ነበር።

"እርስዎም አዩት?"

"አየሁት እንጂ። ጃጀ ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ።"

ሱሃይላ ዞራ አስፋውን አየችው። አስፋው መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና ተነሳ፤ ሱሪውን አራገፈ፤ መፈተሻውን አበራ።

"ጋዲሴ፣ በየት በኩል እንጀምር?" አላት።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ በስሟ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነበር።